ነጥብ ያለው ቦሎቄ፦ ሳይቆጥሩ ስለ መቁጠር

ይህ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሐዋሳ ላይ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ አዳራሽ ያደረግሁት ንግግር ነው። አድማጮቹ መምህራን፣ ተማሪዎችና ጥቂት ዓሣ አስጋሪዎች ነበሩ። ስናገር የደጋገምኩትን ቆርጬ፣ ረስቼ የዘለልኩትን ጨምሬ ጻፍኩት።

እንደምን ዋላችሁ። ሌላ ነገር ከመጀመሬ በፊት ይህን ጎድጓዳ ሳህን እዩልኝ። ውስጡ ነጭ ቦሎቄ አለ፤ ትልልቁ ዓይነት። ዛሬ ጠዋት ነው ከገበያ የገዛሁት። ስንት ፍሬ ይመስላችኋል? ዝም ብላችሁ ገምቱ፤ የተሳሳተ አይቀጣም።

ሁለት መቶ? እሺ። ሺህ? እሺ። ሺህ አምስት መቶ? አንተ ደግሞ ለጋስ ነህ። እዚያ ጥግ ያሉት እትዬ ምን አሉ? «ሩብ ኪሎ ገደማ ነው። ሃያ ፍሬ መዝንና አካፍለው።» ይኸውላችሁ፣ ነጋዴ ባለበት የሒሳብ ሰው ሥራ የለውም። ልክ ነዎት እትዬ። ችግሩ ሐይቁን ሚዛን ላይ ማውጣት አይቻልም። የዛሬው ጉዳያችን ደግሞ እንደ ሐይቁ ዓሣ ያለውን እንስሳ አንድ በአንድ ሳይቆጥሩ ብዛቱን መገመት ነው።

ስለዚህ ሌላ ነገር እናድርግ። ከሳህኑ 60 ፍሬ ቆጥሬ አወጣሁ። እያንዳንዱ ላይ በጥቁር ማርከር ነጥብ አደርጋለሁ። ፊት ለፊት የተቀመጣችሁ አግዙኝ እንጂ፤ ስድሳ ቦሎቄ ለብቻ አሰልቺ ነው። ጨረስን? ቀለሙ ይድረቅ። አሁን ሁሉንም ወደ ሳህኑ መልሰን እናማስለው። በደንብ። እጅህን አስገባ፣ ከታች ያለውን ወደ ላይ አምጣው። ይህ ማማሰል ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ዓይኔን ጨፍኜ በዚህች የቡና ስኒ አንድ ጊዜ እጨልፋለሁ። ቁጠሩልኝ። 72 ፍሬ። ከነዚህ ነጥብ ያላቸውስ? 9።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ከ72ቱ 9ኙ ነጥብ አላቸው፤ ከስምንት አንድ ማለት ነው። ሳህኑ በደንብ ተማስሎ ከሆነ በጠቅላላው ሳህንም ከስምንት አንዱ ነጥብ ያለው መሆን አለበት። ነጥብ ያላቸው ስንት እንደሆኑ ደግሞ እኛው ነን የሠራናቸው፤ 60 ናቸው። 60 በ8 ሲባዛ 480። ሳህኑ ውስጥ 480 ገደማ ቦሎቄ አለ። አለቀ። ቀሪው ንግግሬ ሁሉ ይህ «አለቀ» ያልኩት ነገር እንዴት እንደማያልቅ ነው።

እንድገመው። የወጣውን መልሰን፣ አማስለን፣ ሁለተኛ ስኒ። 70 ፍሬ፣ 12 ባለ ነጥብ። 60 ሲባዛ በ70፣ ሲካፈል ለ12፤ 350። አያችሁ? ከ480 ወደ 350 ወረደ። ሦስተኛ፦ 75 ፍሬ፣ 7 ባለ ነጥብ። 643 ገደማ። ያው ሳህን፣ ያው ስኒ፣ ያው እጅ። ሦስቱን አንድ ላይ ስናጣምር 217 ፍሬ አውጥተን 28 ባለ ነጥብ አግኝተናል፤ እሱ 465 ይሰጠናል።

«ታዲያ ትክክሉ የትኛው ነው?» አልሽ። ጥሩ። አንቺና ጓደኛሽ ሳህኑን ይዛችሁ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ ቁጠሩልኝ። ነጥብ ያላቸውንም ለብቻ። እኛ እንቀጥል።

ከታሪኩ ብዙ አላበዛም። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው። በ1802 ላፕላስ የሚባለው ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ የአገሩን ሕዝብ ብዛት ማወቅ ፈለገ። ሁሉንም ሰው መቁጠር አይቻልም። የልደት መዝገብ ግን በየቦታው አለ። በተመረጡ አካባቢዎች ሰው አስቆጠረና ለአንድ የዓመት ልደት 28 ሰው ገደማ እንዳለ አገኘ። በአገሪቱ በዓመት የሚወለደው አንድ ሚሊዮን አካባቢ ከሆነ ሕዝቡ 28 ሚሊዮን ገደማ ነው ማለት ነው። የተወለዱት ሕፃናት ለላፕላስ እንደኛ ባለ ነጥብ ቦሎቄ ናቸው። እኔ የማደንቅለት ግን ሌላ ነገር ነው። ቁጥሩን ብቻ ተናግሮ ዝም አላለም፤ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችልም አብሮ አሰላ። ዛሬ በየዜናው ይህን ያህል እንስሳ ተቆጠረ የሚለን ሰው ስንቴ ነው ይህን የሚያደርገው?

በ1890ዎቹ ፒተርሰን የተባለ ዴንማርካዊ የዓሣ ተመራማሪ ዓሣ ላይ መለያ እያሰረ መልቀቅ ጀመረ። በ1930 ደግሞ ሊንከን የተባለ አሜሪካዊ እግራቸው ላይ ቀለበት ከተደረገላቸው ዳክዬዎች ስንቱ በአዳኝ እንደተገደሉ አይቶ የዳክዬውን ሁሉ ብዛት ገመተ። ስሌቱ እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል። እኛ አሁን በቦሎቄ የሠራነው እሱን ነው።

አሁን ወደ ሐይቃችን።

የሐዋሳ ሐይቅ ለዚህ ሥራ የተመቸ ይመስላል። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥቁር ውሃ ይገባበታል፤ በገጸ ምድር የሚወጣበት ወንዝ ግን የለውም። ይህ ለኛ ትልቅ ነገር ነው። ስሌቱ እንዲሠራ ከመጀመሪያው መያዝ እስከ ሁለተኛው ባለው ጊዜ ማንም እንዳይገባ፣ ማንም እንዳይወጣ፣ እንዳይወለድ፣ እንዳይሞት እንፈልጋለን። እንደ ሳህኑ። ወንዝ የማይወጣው ሐይቅ ግማሹን ችግር ያቀልልናል ብዬ ነበር እኔም፣ ተማሪ ሳለሁ።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ አላወራውም። የመመረቂያ ጽሑፌን ልሠራ አንዲት የሐይቁን ጥግ መረጥኩ፤ ደንገል የበዛባት። ቆሮሶ ነበር የምፈልገው። ከአንድ ጀልባ ጋር ተስማምቼ የተያዙትን ቆሮሶዎች በሕይወት እያሉ እቀበላለሁ፤ የጀርባ ክንፋቸው ላይ ቀይ ክር አስሬ እለቃለሁ። ቀይ የመረጥኩት ከሩቅ እንዲታየኝ ነው። በጣም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። 180 ዓሣ አሰርኩ። ጣቶቼ በእሾሃቸው ተበሳስተው ለሳምንት እንጀራ መቁረስ አቅቶኝ ነበር።

ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ የሚያዘውን ስፈትሽ ዋልኩ። 400 ቆሮሶ አየሁ። ቀይ ክር ያለው ስንት? ሁለት።

ስሌቱን ሠራሁት። 180 ሲባዛ በ400፣ ሲካፈል ለ2፤ 36,000 ዓሣ። በዚያች ጥግ! ደስ ብሎኝ ለጀልባው ባለቤት ነገርኳቸው። ጋሼ ነበር የምላቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያው ሐይቅ ላይ የኖሩ ሰው ናቸው። መረባቸውን እየጠገኑ ነበር፤ ቀና እንኳን አላሉም።

«ሠላሳ ስድስት ሺህ ቢኖር ይኼን መረብ ስጠግን ታገኘኝ ነበር?»

እኔ ስለ ፒተርሰን ማስረዳት ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም።

«ልጄ፣ ቀይ ክር አስረህ ለወፍ ጠቆምክለት እኮ። ሁለት ቀን እዚህ ስትቀመጥ አላየህም? የሚንጠለጠለውን አይቶ ነው የሚወርደው።»

አላየሁም ነበር። ወረቀቴን ነበር የማየው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መለያ ያደረግሁበት ዓሣ ካልታሰረው ይልቅ ቶሎ ይበላል። ስለዚህ ሁለተኛ ስይዝ መለያ ያለው ያነሰ አገኛለሁ። ያነሰ ሳገኝ ስሌቱ «ኦ፣ ዓሣው ብዙ ነው ማለት ነው» ይለኛል። እኔ በሞቱት ዓሦች ቁጥር ሐይቁን አበለጸግኩት። ክሩ ተፈትቶ ቢወድቅም ውጤቱ ያው ነው። አስጋሪው መለያውን አይቶ ሳይናገር ቢጥለውም ያው ነው። ስለዚህ ነው በብዙ አገር መለያ ላመጣ አስጋሪ ገንዘብ የሚከፈለው። አስጋሪውም ዝም ሲል ምክንያት አለው። «ዓሣው አንሷል ብለው መረባችንን ሊከለክሉን ነው» ብሎ ቢሰጋ አልፈርድበትም።

በሁለተኛው ዙር ክሩን ትቼ የክንፍ ጫፍ ትንሽ መቁረጥ ጀመርኩ። አይንጠለጠልም፣ ለወፍ አይታይም፣ ለኔ ግን ይታየኛል። እንደገና 180 ዓሣ። ከዚያ 420 ፈትሼ 14 አገኘሁ። 5,400። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ትከሻቸውን ነቀነቁ፤ ከሳቸው ይህ ብዙ ነው።

ይሁን እንጂ 5,400 የምን ቁጥር ነው? የሐይቁ አይደለም። ያቺ ጥግ በር የላትም፤ ዓሣው ወደ መሀል ይሄዳል፣ ከመሀልም ይመጣል። ወንዝ የማይወጣው ሐይቁ እንጂ የኔ ጥግ አይደለችም። የመረቡ ዓይንም አለ። ሰፊ ዓይን ያለው መረብ ትንንሹን ያሳልፋል። ስለዚህ ቁጥሩ «በዚያ ሳምንት በዚያች ጥግ የነበረ፣ በዚያ መረብ ሊያዝ የሚችል ቆሮሶ» ነው። ረጅም ስም ነው፤ እውነተኛ ስሙ ግን እሱ ነው። የሚወለዱትን፣ የሚሞቱትንና የሚንቀሳቀሱትን ጭምር የሚያስገቡ ስሌቶች በ1965 ጆሊና ሴበር የተባሉ ሁለት ሰዎች ለየብቻ አውጥተዋል። እነሱ አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ መያዝን ይፈልጋሉ። ዛሬ ኮምፒውተር ይሠራልናል፤ ጣት መበሳቱን ግን አልቀነሰልንም።

አንድ ነገር ከሁለቱ ዙሮች ላሳያችሁ። በመጀመሪያው ዙር ሁለት ባለ ክር ነበር ያገኘሁት። አንድ ተጨማሪ አግኝቼ ሦስት ቢሆኑ 36,000ው 24,000 ይሆን ነበር። አንዱ ሾልኮ አንድ ብቻ ቢቀር 72,000። ምንም ባላገኝ ሒሳቡ ለዜሮ ማካፈል ሆኖ ያርፈዋል፤ ሐይቁ ወሰን የሌለው ዓሣ አለው ማለት ነው! አንዲት ዓሣ ሠላሳ ስድስት ሺህ ዓሣ ትገለብጣለች። በሁለተኛው ዙር ግን ከ14 አንድ ቢጨምር 5,040፣ አንድ ቢቀንስ 5,800 አካባቢ። አይነቃነቅም ባይባልም አይወድቅም። ስለዚህ አንድ ሰው የእንስሳ ቁጥር ሲነግራችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ስንት መለያ ያለው መልሰህ ያዝክ?» ብላችሁ ነው። በጥቂት ከሆነ ቁጥሩ በአንድ እግሩ የቆመ ነው። ቻፕማን የሚባል ሰው በ1951 ለዚህ ትንሽ ማስተካከያ አበጅቶለታል። ሁለቱን ተባዢዎችና አካፋዩን በአንድ በአንድ ጨምሮ መጨረሻ ላይ አንድ መቀነስ ነው። የኔን 36,000 ወደ 24,000 ያወርደዋል። ዜሮ ላይም አይሞትም። የተበሉትን ዓሦች ግን አይመልስም።

እንስሳው ራሱ ደግሞ ጠባይ አለው። ቦሎቄ ጠባይ የለውም። አይጥ በሽቦ ወጥመድ ያዙ፤ ማታለያው የለውዝ ቅቤ ይሁን። አንዳንዱ አይጥ አንዴ ከተያዘ በኋላ ወጥመዱን እንደ ምግብ ቤት ይቆጥረዋል። ይበላል፣ ያድራል፣ ጠዋት ትለቀዋለህ፣ ማታ ይመለሳል። ያው አይጥ እየተመላለሰ ባለ ምልክቱን ስለሚያበዛው ቁጥሩ ከእውነቱ ያንሳል። ሌላው ደግሞ አንዴ ከደነገጠ ዳግመኛ አይጠጋም፤ እሱ ቁጥሩን ያበዛዋል። ሁለቱም አንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ።

መያዝ የማይቻለውንስ? ጉማሬን ማን ክር ያስርለታል! እዚህ ሐይቅ ላይ በጀልባ የሄዳችሁ ታውቃላችሁ። ብቅ ይላል፣ ይተነፍሳል፣ ይጠልቃል፤ ደቂቃዎች ውሃ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ያየኸውን ብቻ ብትቆጥር ሁልጊዜ ታሳንሳለህ። እዚህ ላይ የምወደው ዘዴ አለ። አንድ ጀልባ ላይ ሁለት ሰው ይቀመጣል፤ ጀርባ ለጀርባ ሳይሆን ጎን ለጎን፤ ግን አይነጋገሩም። እያንዳንዱ ያየውን ጉማሬ ቦታውን እየጠቆመ በራሱ ወረቀት ይጽፋል። ለምሳሌ አንዱ 14 ቢጽፍ፣ ሌላው 12፣ ሁለቱም የጻፏቸው 8 ቢሆኑ፣ የመጀመሪያው ሰው ዝርዝር መለያው ነው፤ የሁለተኛው ዳግም መያዙ ነው። 14 ሲባዛ በ12፣ ሲካፈል ለ8፤ 21። በሁለቱ ወረቀት ላይ ያሉት የተለያዩ ጉማሬዎች 18 ናቸው። ስለዚህ ሦስት ጉማሬ ማንም ሳያያቸው ተቆጠሩ። እኔ ይህን መጀመሪያ ስረዳ ለአንድ ቀን ያህል ገርሞኝ ነበር።

መምህራን፣ ይህን ቤታችሁ ሞክሩት። አንድ የፈተና ወረቀት ለሁለት ሰው ስጡና የፊደል ግድፈት ለየብቻ አስለቅሟቸው። የየራሳቸውንና የጋራቸውን ስታውቁ ማንም ያላየው ስንት እንደቀረ ትገምታላችሁ። ብቻ ሁለቱም የሚያልፉት ያንኑ ዓይነት ስህተት ከሆነ ግምቱ ያንሳል። ጉማሬውም ያው ነው፤ ደንገል ውስጥ የገባውን ሁለቱም አያዩትም።

የተፈጥሮ መለያ ያላቸውም አሉ። የሜዳ አህያ መስመሩ፣ ነብር ነጠብጣቡ እንደ ጣት አሻራ ነው፤ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ካሜራ ዛፍ ላይ ታስራለህ፤ ፎቶው መያዝ ነው፣ ሁለተኛው ፎቶ ዳግም መያዝ። ሰንቀሌ መጠለያ ያለው ቆርኬ የሚባለው የዱር እንስሳ፣ ዛሬ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይገኘው፣ ለዚህ አይመችም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ቀይ ካፖርት የለበሱ ናቸው። እዚያ ሜዳው ገላጣ ስለሆነ ረድፍ ይዞ እየሄዱ መቁጠር ይሻላል። እዚህ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ያለውን አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ደግሞ ማንም ይቁጠረው፤ የዓሣ ትርፍራፊ ይዛችሁ ብትቆሙ እሱ ራሱ ተሰልፎ ይመጣል።

የመጨረሻው ምሳሌዬ ውሻ ነው። ሌሊት ከፒያሳ ወደ አቶቴ በእግሩ የሄደ ሰው ለምን እንደመረጥኩት ይገባዋል። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በዓመት 59,000 ገደማ ሰው እንደሚገድል ይገመታል። በአንድ አካባቢ በሽታውን ለማቆም ከውሾቹ 70 በመቶውን መከተብ ያስፈልጋል ይባላል። ግን ከስንቱ 70 በመቶ? አጠቃላይ ቁጥሩን የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ሲከተቡ አንገታቸው ላይ ባለ ቀለም ማሰሪያ ይደረጋል። በማግስቱ በየመንደሩ እየዞሩ ማሰሪያ ያለውንና የሌለውን መቁጠር ነው። 600 ከትበን፣ መንገድ ላይ 200 አይተን፣ 120ው ማሰሪያ ካላቸው፣ 60 በመቶ ከትበናል፤ ውሾቹም ሺህ ገደማ ናቸው። በአንድ ጠዋት ሁለት መልስ።

የት ላይ ይበላሻል? ለክትባት የሚመጣው ጌታ ያለው ውሻ ነው። ቀን ግቢ ታስሮ ይውላል፤ ቆጣሪው አያየውም። መንገድ የሚያድረው ደግሞ...

ምን? ጨረሳችሁ? ጮክ ብለሽ ንገሪን።

517! አጨብጭቡላቸው። የኛ የተጣመረው ግምት 465 ነበር፤ አሥር በመቶ ያህል አነሰ። ሦስቱን ግምቶች ዝም ብለን በአማካይ ብናወጣ 491 ይሆን ነበር፤ የበለጠ ይቀርብ ነበር፣ ግን በዕድል ነው እንጂ በብልሃት አይደለም። ሺህ አምስት መቶ ያለው ልጅ የት አለ? ... ነጥብ ያላቸውስ ስንት ናቸው? 59? 60 አልነበር ያደረግነው? ደግማችሁ ቆጥራችኋል? ሁለት ጊዜ። እሺ። እንግዲህ ቀለሙ ከአንዱ ላይ ለቆ ይሆናል፤ ስናማስል ተፋግቶ። ያው መለያ ሲጠፋ እንዲህ ነው፤ ቅድም ያልኳችሁ።

ውሻው ላይ ነበርን። መንገድ የሚያድረውን ለመያዝ ይከብዳል፤ ለመቁጠር ግን ቀላል ነው። ቅድም እንመለስበታለን ያልኩት ማማሰል ይህ ነው፤ ሳህኑ በደንብ አልተማሰለም። ስለዚህ መንገድ ላይ ብቻ ከቆጠርን ሽፋናችን ከእውነቱ ያነሰ፣ የውሻው ብዛት ከእውነቱ የበዛ ይመስላል። በጠዋትም በማታም፣ ዋናውን መንገድም ጉራንጉሩንም መዞር ይህን ያረግበዋል። የባሌን ቀይ ቀበሮ የምታውቁት ከሆነ ጉዳዩ የሰው ብቻ እንዳልሆነ ይገባችኋል። በዓለም ላይ ካሉት ከ500 የማይበልጡ አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች አብዛኞቹ እዚያ ናቸው፤ በሽታው ከመንደር ውሻ ተሻግሮ ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል።

ጥያቄ ካላችሁ።

አንድ ተማሪ «ለምን ሁሉንም አይቆጥሩትም?» አለ። የቆጠሩት ሁለቱ ልጆች መልሱለት፤ «ና ሞክረው» አሉት። አንድ አስጋሪ ደግሞ ረድፍ ሳይጠብቁ ተነሡ፦ «ባለፈው ዓመት የያዝኩትና ዘንድሮ የያዝኩት ቢለያይ ይበቃኛል። ቁጥሩ ለኔ ምን ይረባኛል?» አሉ። መልሴ ይህ ነበር፦ የያዙት ሲቀንስ ዓሣው አንሶ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ጀልባው በዝቶ፣ ወይም ዓሣው ወደ ጥልቁ ወርዶ። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ መረብዎ ብቻውን አይነግርዎትም። መለያ ያለው ዓሣ ሊነግርዎት ይችላል፤ እርስዎ መልሰው ካመጡልን። ሳቁና «ክሩ ቀይ ካልሆነ» አሉኝ። ታሪኩን ለካ ከጋሼ ሰምተውት ኖሯል።

ሰው ከወጣ በኋላ ወንበር ስንሰበስብ ሁለተኛው ረድፍ ሥር ሦስት ቦሎቄ አገኘሁ። አንዷ ጥቁር ነጥብ አላት።